የቃል ሰምና ወርቅ ለሕፃናት

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ማለት የአባቶቻችን ልማድ ነው። ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ መልኩ ከውጭ ለሁሉ ይታያል፤ ጣዕሙ ግን ለቀመሰው ብቻ ነው። ምሳሌያዊ ንግግርም እንደዚሁ ቃሉ ወደ ጆሮ ሁሉ ይገባል፤ ምስጢሩ ግን ለሁሉ አይገለጽም። ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችን ይህን ምስጢር በምን ዓይነት ቢማሩት ይቀምሱታል ስለሚለው ጉዳይ በሥራችን ካየነው ጥቂቱን ልናካፍላችሁ አሰብን።

እኛ በአስተማሪነት የምንተዳደር ባልና ሚስት ነን። ከሁለታችን አንዳችን አፍ የፈታነው በአዊኛ ሲሆን ሁለተኛችን በአማርኛ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በእንጅባራ አቅራቢያ፣ ኋላም በዳንግላ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የታችኛውን ክፍል ሕፃናት አማርኛ አስተምረናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ካዘዘ ወዲህ በዚህ አገር በብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳቡም ሳይንሱም በአዊኛ ይሰጣል፤ አማርኛ ግን ራሱን የቻለ አንድ ትምህርት ሆኖ ይቀርባል። እንግዲህ በእንጅባራ ዙሪያ ከገጠር ለሚመጣው ልጅ አማርኛ የእናቱ ቋንቋ ሳይሆን የጎረቤት ቋንቋ ነው። በጎረቤት ቤት ደግሞ ወንበሩን ማየት ቀላል ነው፤ የጓዳውን ምስጢር ማወቅ ግን ጊዜን ይጠይቃል።

የዘይቤ ትምህርት እንደ ተለመደው የሚሰጠው በዚህ አኳኋን ነው። አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ ዘይቤ፣ ግነት እያለ ስሞቹን በተራ ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱም አንድ መስመር ትርጓሜና አንድ ምሳሌ ይሰጣል፤ ተማሮችም ይገለብጣሉ። በፈተና ቀን ስሙን ከትርጓሜው ጋር ያዛምዳሉ፤ ነጥባቸውንም ያገኛሉ። ነገር ግን ያው ልጅ በመንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ በምሳሌ ቢያናግረው የተነገረውን አይሰማም። የዘይቤን ስም ማወቅና ዘይቤን መስማት እንደ መድኃኒት ስምና እንደ ጤና የተራራቁ ናቸው።

ይህንን በግልጥ ያየነው በአንድ የንባብ ሰዓት ነው። በምንባቡ ውስጥ «ሀብታሙ ሰው ድኻ ዘመዱን ፊት ነሣው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አነሣና በአዊኛ «ታዲያ ያለ ፊት እንዴት አድርጎ ወደ ቤቱ ተመለሰ?» ሲል ጠየቀ። ከክፍሉ ውስጥ አንድም የሳቀ ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም መልሱን በብርቱ ይጠባበቅ ነበርና። ልጁ አልተሳሳተም፤ ሰሙን አጥርቶ አይቶ ነበር። ያልደረሰው ወርቁ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሣቅ ወይም በቁጣ የሚመልስ አስተማሪ ቢኖር ልጁ ዳግመኛ አይጠይቅም፤ ያልገባውንም እንደ ገባው አድርጎ መቀመጥን ይለምዳል። ከዚህ የከፋ የትምህርት ኪሳራ የለም።

ስለዚህ ከሰሙ ለመጀመር ቈረጥን። በመጀመሪያ ተማሮቹን ወደ ሜዳ አውጥተን አንድ ልጅ በመሬት ላይ በጀርባው እንዲተኛ አደረግንና ዙሪያውን በዐመድ ከበብነው። ልጁ ሲነሣ በመሬቱ ላይ የሰው ቅርጽ ቀረ። ከዚያም በየቀኑ ሁለት ሦስት ንግግር እያመጣን በየብልቱ ላይ አኖርን፤ በዐይን ላይ ዐይነ አፋርን፣ በጥርስ ላይ ጥርስ ነከሰበትን፣ በአንገት ላይ አንገቱን ደፋን፣ በእጅ ላይ እጅ ሰጠን፣ በሆድ ላይ ሆደ ሰፊን፣ በልብ ላይ ልበ ሙሉን። በሳምንቱ መጨረሻ የዐመዱ ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በንግግር ተሞላ። ልጆቹም እያንዳንዱን እየረገጡ ሳይሆን እየዘለሉ በዙሪያው ሲጫወቱ አማርኛ የሰውን ገላ እንዴት አድርጎ የጠባይ መዝገብ እንዳደረገው ያለ ትርጓሜ አወቁ።

ሁለተኛው ሥራ የሁለት ሥዕል ሥራ ነው። ወረቀቱን መካከል ለመካከል አጥፎ በግራው ገጽ ቃሉ እንደ ተነገረ፣ በቀኙ ገጽ ነገሩ እንደ ተፈለገ መሣል ነው። «ሆደ ሰፊ» ሲባል በግራው በኩል ሆዱ እንደ ጎታ የተነፋ ሰው ተሣለ፤ ክፍሉም በሣቅ ፈረሰ። በቀኙ በኩል ግን አንድ ልጅ ሁለት ሰዎች እየተጣሉ መካከላቸው ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ሣለ። «ይህ ሰው ለምን ሆደ ሰፊ ተባለ?» ብንለው፣ «የሁለቱንም ነገር ሆዱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ አይተፋውም» አለን። በብዙ ቃል ልናስረዳ የምንደክምበትን ነገር ልጁ በእርሳስ ጨረሰው። ሣቁም የከንቱ አልነበረም፤ በግራው ገጽ የሳቀ ልጅ የቀኙን ገጽ አይረሳምና።

ሦስተኛው ሥራ የቅርጫት ሥራ ነው። ተማሮቹ ከሰፈራቸው የሚዳሰስ ነገር እንዲያመጡ አዘዝናቸው። የእንጅባራ አገር ደጋ ነውና አንዱ ቀርከሃ፣ አንዱ ድንች፣ አንዱ ጥድ፣ ሌላውም ከሰል አመጣ። እያንዳንዱን ነገር እያነሣን «ይህ ማንን ይመስላል? በምን ይመስላል?» ብለን እንጠይቃለን። «እንደ ቀርከሃ» የሚለውን የመረጠ ልጅ በምን በኩል እንደሚመስል፣ ማለትም በቁመቱ ይሁን፣ ውስጡ ባዶ በመሆኑ ይሁን፣ ነፋስ ሲያጐነብሰው ሳይሰበር በመቅረቱ ይሁን ማስረዳት ይገባዋል። በዚህ ጊዜ ልጁ አንድ ትልቅ ነገር ይማራል፤ ይኸውም ሁለት ነገሮች በሁሉ ነገር አይመሳሰሉም፤ ምሳሌ ማለት መመሳሰያቸውን አንድ ነጥብ መርጦ ሌላውን መተው ነው።

ከዚህ በኋላ «እንደ» የምትባለውን ቃል እናሰናብታታለን። «ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ ነው» የሚለው «ጥርሷ ወተት ነው» ይሆናል። ልጆቹ «እንደ»ን የበር ዘበኛ ብለው ሰየሟት፤ ዘበኛው በበሩ ሳለ ሁለቱ ነገሮች በአጥር ተለይተው ይተያያሉ፤ ዘበኛው ሲሄድ ግን አንዱ ወደ ሌላው ቤት ይገባል። በአንድ ቀን ክፍላችንን የጎበኘ አንድ ተቆጣጣሪ ጩኸቱና ሣቁ አላስደሰተውምና ከተማሮቹ አንዷን «ተለዋጭ ዘይቤ ምንድን ነው?» ሲል በድንገት ጠየቃት። እርሷም ሳትፈራ «ዘበኛውን ያሰናበተ ንግግር ነው» ብላ መለሰች። ተቆጣጣሪው መልሱ በመጽሐፉ ከተጻፈው ትርጓሜ ጋር አይገጥምም ብሎ በመዝገቡ ጻፈና ሄደ። እኛ ግን ከመጽሐፉ ትርጓሜ ይልቅ የልጅቱን እንመርጣለን፤ መጽሐፉ የነገራት ይረሳ ይሆናል፤ ራሷ ያገኘችው ግን አይረሳም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በክፍሉ ውስጥ ግማሽ ዓመት ሙሉ በአማርኛ ሰዓት አንድ ቃል ሳትናገር የተቀመጠች ልጅ ነበረች። በአዊኛ ሒሳብ ስትማር ፈጣን ነበረች፤ የአማርኛው ደወል ሲደወል ግን ዐይኗን ወደ ጠረጴዛው ትደፋለች። በእንቆቅልሽ ቀን ከቅርጫቱ ከሰሉን አንሥታ ያዘች። በዚያ አገር፣ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር ከጤፍ ጋር በማሳው ተክሎ ጥቂት ዓመት ካሳደገ በኋላ ቈርጦ ከሰል ማክሰሉ የታወቀ ነው፤ የልጅቱም አባት ከሰል ያከስል ነበር። እርሷም በመጀመሪያ በአዊኛ፣ ቀጥሎም ቃል እየለመነች በአማርኛ እንዲህ አለች፤ «በሕይወቱ አረንጓዴ፣ ሲሞት ጥቁር፣ ሲነሣ ቀይ፣ ሲያረጅ ነጭ፤ ማነው?» ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ልጅ ቆይቶ «ከሰል!» ብሎ ጮኸ። ዛፍ፣ ከሰል፣ ፍም፣ ዐመድ፤ የአባቷን የሥራ ዘመን ሁሉ በአራት ቀለም ገለጸችው። ያች ልጅ አማርኛ አልቸገራትም ነበር፤ የቸገራት በአማርኛ የምትናገረው የራሷ ነገር አለመኖሩ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ የአዊኛ ምሳሌያዊ ንግግር ከቤቱ እንዲያመጣ ሥርዐት አደረግን። ንግግሩ በቅድሚያ በአዊኛ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ በመጨረሻም አማርኛ ተመሳሳይ ንግግር እንዳለው ይፈለጋል። አንዳንዱ መንታ ወንድም ያገኛል፤ አንዳንዱ በሌላ ልብስ የተሸፈነ ዘመድ ያገኛል፤ አንዳንዱ ግን ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረውን በክፍሉ ግድግዳ ላይ በክብር እንሰቅለዋለን። የዚያች ልጅ አያት ይህን የቤት ሥራ በሰሙ ጊዜ «ትምህርት ቤት የእኛን ነገር ምን ያደርግለታል?» ብለው ነበር። እርሳቸው እስከዚያ ቀን ድረስ ትምህርት ቤት ልጅን ከአያቱ ቋንቋ የሚያርቅ እንጂ ወደ አያቱ የሚልክ አይመስላቸውም ነበር። ኋላ ግን ራሳቸው በትራቸውን ይዘው መጥተው ከክፍላችን ተቀመጡና እንቆቅልሽ ጠየቁ፤ ልጆቹም ማወቅ ሲሳናቸው እንደ ደንቡ አገር ሰጡአቸው። ከሰጧቸውም አገር አንዱ እንጅባራ ነበር፤ እርሳቸውም «የራሴን አገር መልሳችሁ ሰጣችሁኝ» ብለው ሳቁ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ነገር እንድናስተውል ይገባል። ልጆች የቤታቸውን ምሳሌ እንዲያመጡ ካልተጠየቁ በቀር ያ ምሳሌ ከአያቶች ጋር ይቀበራል። በ1953 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ባወጣው ጽሑፍ ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ በእናቱ ቋንቋ ቢማር የሚሻል መሆኑን ገልጾ ነበር። ይህ እውነት ስለ ፊደልና ስለ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ስለ ምሳሌ ነው። በአንድ ቋንቋ ምሳሌ መስማት የለመደ ጆሮ የሌላውን ቋንቋ ምሳሌ ሲሰማ ቢያንስ ከቃሉ በስተኋላ ሌላ ነገር መኖሩን ይጠረጥራል፤ የቤቱን ንቆ የመጣ ግን በሁለቱም በኩል ባዶ ይቀራል።

ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ተጉዘን ወደ ዳንግላ ስንዛወር ግን ያልጠበቅነው ሌላ ችግር ገጠመን። በከተማው ከነበሩት ተማሮቻችን ብዙዎቹ በቤታቸው አማርኛ የሚናገሩ ነበሩ። «ልቡ ተሰበረ» ብንላቸው ወዲያውኑ «አዘነ ማለት ነው» ይሉናል። «ታዲያ ምን ተሰበረ?» ብንላቸው ግን እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ንግግሩ ከጡት ጋር ስለ ገባ የሚሰበር ዕቃ በውስጡ እንዳለ ማንም አይቶት አያውቅም። እንግዲህ የገጠሩ ልጅ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይፈልጋል፤ የከተማው ልጅ ወርቁን ይዞ ሰሙን ጥሎታል። ሁለቱም ግማሽ ነው የያዙት።

ለዳንግላዎቹ ልጆች መድኃኒቱ የተሰበረ እንስራ ሆነ። አንድ አሮጌ እንስራ በፊታቸው ሰብረን ገሉን በጠረጴዛ ላይ አኖርንና ስለ ልብ እንዲናገሩ አዘዝናቸው። አንዱ «ሲሰበር ድምፅ አለው፤ ልብ ግን ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ሰው አይሰማውም» አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ «ቢጠገንም ያፈሳል» አለች። ቀጥሎም ሌላው «ገሉ ግን አይጣልም፤ እናቴ እሳት ትጭርበታለች» አለ። ከእነዚህ ከሦስቱ ቃሎች በኋላ «ልቡ ተሰበረ» የሚለው ለእነዚያ ሕፃናት ዳግመኛ ተራ ንግግር ሊሆንባቸው አይችልም።

ግነትን ለማስተማር ደግሞ ከፈረስ የሚሻል አላገኘንም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋን ድል ከፈረሶቹ ውለታ ጋር እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረውን በዓል የማያውቅ ልጅ የለምና፣ በዚያው ሰሞን የፈረስ ውዳሴ ውድድር አደረግን። አንዱ «ፈረሴ ሲሮጥ ጥላው ወደ ኋላ ቀርቶ መንገድ ይጠይቃል» ሲል፣ ሁለተኛው «የእኔ ሳይነሣ ደርሷል» ብሎ አሸነፈ። በዚህ ጊዜ አንድ አስተዋይ ልጅ «ይህ ውሸት አይደለምን? ውሸት ደግሞ ክልክል ነው» አለን። ጥያቄው የሚገባ ነውና ለክፍሉ ሰጠነው። ከብዙ ክርክርም በኋላ ልጆቹ አንድ ሕግ አወጡ፤ የሚናገረውም የሚሰማውም እንዳይደለ ካወቁት ግነት ነው፤ የሚናገረው ብቻ ካወቀውና የሚሰማው ካመነው ግን ውሸት ነው። ይህን ሕግ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም ቢያውቁት በጠቀማቸው ነበር።

በእኛ አገር ይህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ወደ ጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ዲማ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ ይመልከት። በቅኔ ቤት ተማሪው የሰምና ወርቅን ትርጓሜ ገልብጦ አይመረቅም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ያቀናለታል። የባልንጀራውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ አዲስ መፍጠር አለበት። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ስለ ግጥም በጻፈው መጽሐፉ አንዱን ነገር በሌላው ስም መጥራት ከሌላ ሰው የማይማሩት የተፈጥሮ ስጦታ ነው ብሏል። የቅኔ መምህራኖቻችን ግን ለዘመናት ስጦታውን ከመጠበቅ ይልቅ ተማሪውን በየቀኑ ማሠራትን መርጠዋል። እኛም በሕፃናት ዘንድ ያየነው የመምህራኖቻችንን ብልሃት የሚደግፍ ነው፤ ተመሳሳይን የማየት ዐይን ለሁሉ ተሰጥቷል፤ የሚጐድለው «ምንን ይመስላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

በእርግጥ አንድ ክፍል በተማሪ ብዛት ሲጨናነቅ ሥዕልና ጨዋታ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ተማሮቹን በአምስት በአምስት ከፍለን፣ በሳምንት አንዱን ሰዓት ብቻ ለዚህ ሰጠን፤ ወጪውም ዐመድ፣ ከሰልና የተሰበረ እንስራ ነውና ማንንም አላስቸገረም። የዘይቤዎቹንም ስም አልተውንም፤ ነገር ግን ስሙን የሰጠነው ልጁ ነገሩን ከሠራው በኋላ ነው። ለሕፃን ስም የሚወጣለት ከተወለደ በኋላ አይደለምን?

ለእናቶችና ለአባቶች የምንለው ይህ ነው። ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ ቤታችሁ በየትኛውም ቋንቋ ይናገር፣ እንቆቅልሹን አታቋርጡት። ልጃችሁ ምሳሌን እንደ ቃሉ ተረድቶ ቢጠይቃችሁ አትሳቁበት፤ ሰሙን ስላየ አመስግኑትና ወርቁን አብራችሁ ፈልጉ። በምሳሌ ስትናገሩም «ይህ ምን ማለት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብላችሁ ጠይቁት። አያት በቤት ካሉ ደግሞ ልጁን ወደ እርሳቸው ላኩት፤ እርሳቸው ሲያልፉ የሚያልፍ፣ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ንግግር በአፋቸው አለና። ያን ንግግር ልጁ ዛሬ ሰምቶ በደብተሩ ካልጻፈው ነገ የሚነግረው አይኖርም።